ዳኮታን መሬት ላይ መንዳት



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ እኛን ታክሲ ነጂዎችን «ለዐሥረኛው ዓመት አንድ ነገር ተናገሩ» ሲለን፣ ስለ ቆጣሪና ስለ ትራፊክ ቅጣት የምናወራ መስሎት እንደሆነ እንጃ። እኛ ግን ሳን ፍራንሲስኮ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ እየጠበቅን ስንት ሰዓት እንደምንቀመጥ ታውቃላችሁ። እዚያ ተቀምጦ አውሮፕላን የማያይ የለም፤ አውሮፕላን እያየም ስለ አየር መንገዳችን የማይከራከር ሐበሻ የለም። ዛሬ ይዘን የቀረብነው ከክርክሮቻችን አንዱን ነው። የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖቻችን፣ እነዚያ ዳኮታዎች፣ መሬት ላይ በምን ይታጠፉ ነበር? ቀኖቹን የምንጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት በአጭሩ እንለፈው። አየር መንገዱ ቲ ደብልዩ ኤ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል በዲሴምበር 1945 ተቋቋመ። ከዓለም ጦርነት የተረፉ አምስት ሲ-47 አውሮፕላኖች ተገዙ፤ ሲ-47 ማለት የዲሲ-3 ወታደራዊ ዓይነት ሲሆን እንግሊዞች ዳኮታ ያሉት ስም እኛም ዘንድ ቀረ። ኤፕሪል 8 ቀን 1946፣ በእኛ መጋቢት 30 ቀን 1938፣ የመጀመሪያው በረራ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ ገባ። ተሳፋሪው ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል፣ ጭነቱ መሐል ይታሰራል። ይህን ሁሉ ሰው ያወራዋል። መሬት ላይ ያለውን ሥራ ግን የሚያነሣው የለም፤ ለእኛ ለነጂዎች ደግሞ ዋናው እሱ ነው።

ዳኮታ የአፍንጫ ጎማ የላትም። ሁለት ትልልቅ ጎማዎች ከሞተሮቿ ሥር፣ አንዲት ትንሽ ጎማ ከጭራዋ ሥር አሏት። ትንሿ ጎማ እንደ ነፋሱና እንደ ግፊቱ ወደፈለገችው ትዞራለች እንጂ ለመሪ አትታዘዝም። አብራሪው ማድረግ የሚችለው ለመነሣትና ለማረፍ ቀጥ አድርጎ መቆለፍ፣ ለመታጠፍ መፍታት ብቻ ነው። እንግዲህ ወደ ግራ መታጠፍ የፈለገ ካፒቴን ለቀኝ ሞተር ነዳጅ ይጨምራል፤ አልበቃ ሲል የግራውን ጎማ ፍሬን በእግሩ ጫፍ ይነካል። እያንዳንዳቸው 1,200 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሞተሮች ናቸው መሪዎቹ ማለት ነው። ከመካከላችን «ፍሬኑ ብቻ ይበቃ ነበር» የሚል ወንድም አለ። አይበቃም። የዳሊ ሲቲን ቁልቁለት ፍሬን እየረገጠ የወረደ ሰው ሽታውን ያውቀዋል፤ የዳኮታም ፍሬን ሲግል ይደክማል። አንዱን ጎማ ጨርሶ አቁሞ በእሱ ላይ ማሾርም ጎማውን ይጠመዝዘዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ቀጥ ብሎ መሄዱ ነው። ተሳቢ ያለው መኪና ወደ ኋላ የነዳ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የዳኮታ ክብደት የሚያርፈው ከትልልቆቹ ጎማዎች በስተኋላ ነው። አፍንጫዋ ትንሽ ዘወር ካለ፣ ከኋላ ያለው ክብደት ልቅደም ብሎ መዞሩን ያብሰዋል። በጊዜ ያልተያዘች አውሮፕላን ራሷን ዞራ ክንፏን መሬት ታስነካለች፤ የጎማ እግሯም ሊሰበር ይችላል። ነፋስ ከጎን ሲመጣ ደግሞ ትልቁ ጭራ እንደ ሸራ ይገፋና አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ያዞረዋል። ስለዚህ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ላለው ሞተር ትንሽ ጨምሮ መያዝ ያስፈልጋል። ከውቅያኖስ ተነሥቶ በእኛ ሰፈር በኩል ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወርደውን ነፋስ የምታውቁ፣ እስቲ አስቡት።

ይህ ሙያ ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ ከጎረቤታችን ከኦክላንድ የተነሣች አንዲት ሴት ታስረዳናለች። አሚልያ ኤርሃርት ዓለምን ልትዞር ማርች 17 ቀን 1937 ከኦክላንድ ወደ ሃዋይ በረረች። አውሮፕላኗ ሎክሂድ ኤሌክትራ ባለሁለት ሞተርና ባለጭራ ጎማ ነበረች፤ በዚህ የዳኮታ እኅት ናት። በሦስተኛው ቀን ከሃዋይ ስትነሣ አውሮፕላኗ ወደ ቀኝ አጋደለች፤ እሷም ለማቅናት የግራውን ሞተር ቀነሰች፤ አውሮፕላኗ ወደ ግራ ዞረችና እግሯ ተሰበረ። ጎማ ፈንድቶ ነው ያሉም ነበሩ። አሠልጣኟ ፖል ማንዝ ግን ጥፋቱን በሞተሮቹ አያያዝ ላይ አደረገው። አውሮፕላኗ በመርከብ ተመልሳ ተጠገነች። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ኤርሃርት ጣልያን በያዘው በእኛው ምድር በምጽዋና በአሰብ አርፋ አለፈች። ጁላይ 2 ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ጠፋች፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን አውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ እንውሰደው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ አውሮፕላን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያርፍበት ፍጥነት ከዐሥር በመቶ በላይ ጨምሮ መሬት ይነካል፤ ሞተሩም ሲፈለግ ያንን ያህል አይጎትትም። ያኔ የሚያርፉት ቦሌ አልነበረም፤ ልደታ ነበር፤ ሰፈሩን ዛሬም ኦልድ ኤርፖርት እንለዋለን። የክፍለ ሀገሩን ሜዳ ደግሞ አባቶቻችን ያስታውሱታል፤ ሣር ነው፣ ክረምት ሲገባ ጭቃ ነው፣ ከብት ካልተባረረለት አይታረፍበትም። ጭቃ ላይ አንዱ ጎማ ከያዘ ያ የተናገርነው መዞር ይጀምራል። መኪና መንገድ ላልደረሰለት አገር ግን በሽተኛውም፣ ደብዳቤውም፣ ቡናውም የሚሄደው በዚያው ነበር።

መጀመሪያ ይህን የሚሠሩት አሜሪካኖች ነበሩ። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ፤ ዳኮታን በኃላፊነት አበረሩ። «ዳኮታ ቆርቆሮ ናት፣ ማንም ያበራታል» እያላችሁ የምትቀልዱ ወንድሞቻችን ይህን አስቡልን። ቆርቆሮዋን መሬት ላይ ቀጥ አድርጎ ለማስኬድ ሁለት እጅና ሁለት እግር እኩል መንቃት ነበረባቸው፤ ያውም መሪ ሳይኖር።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለን። በዚህ አዳራሽ በዳኮታ ተሳፍረው አገራቸው የገቡ እናቶችና አባቶች አሉ፤ በአየር መንገዱ የሠሩ ዘመዶች ያሏችሁም አላችሁ። ትዝታችሁንና ፎቶግራፋችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ ስጡን። የየትኛው ከተማ ሜዳ እንደነበረና ዓመቱን በፎቶግራፉ ጀርባ ጻፉበት። መምጣት ላልቻለ፣ ቤቱ ድረስ እኛ እንመጣለን፤ ቆጣሪ አንከፍትም።