የሰንሩፍ ውኃ መውጫ ሲያጣ

ክረምት ገባ ማለት ጋራዥ ውስጥ "ሰንሩፉ ያፈሳል" የሚል ባለመኪና መምጣት ጀመረ ማለት ነው። የዛሬው ጨዋታችን በዚሁ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ባለመኪናውንም መካኒኩንም ያለ አግባብ የሚያደክም አንድ ግምት እናስወግድ። ብዙ ሰው ሰንሩፍ ሲዘጋ ጠብታ ውኃ እንዳያሳልፍ ተደርጎ የተሠራ ይመስለዋል። አይደለም። በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ጎማ አብዛኛውን ውኃ ይመልሳል እንጂ ሁሉንም አያግድም፤ ፋብሪካውም ይህን አውቆ ነው የሠራው። ጎማውን አልፎ የሚገባውን ውኃ የሚቀበል፣ ልክ እንደ ቤት ጣሪያ አሸንዳ ያለ ቦይ ከመስታወቱ ሥር ዙሪያውን ይዞራል። በአሸንዳው አራት ማዕዘኖች ላይ ቀጫጭን ቱቦዎች ተሰክተዋል። የፊተኞቹ ሁለቱ ከፊት መስታወት ግራና ቀኝ ባሉት ምሰሶዎች ውስጥ ይወርዱና በብዙ መኪኖች ላይ በፊት በር ማጠፊያ አጠገብ ወይም ከፓራፋንጎው ጀርባ ይወጣሉ። የኋለኞቹ በኋላ ምሰሶዎች በኩል ወርደው ከኋላ ጎማ አካባቢ ያፈሳሉ። ስለዚህ ውኃ ወደ ሰንሩፉ መግባቱ ብልሽት አይደለም። ብልሽቱ የገባው ውኃ መውጫ ማጣቱ ነው።

የውኃው መጠን ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ አንድ ሊትር ነው። በነሐሴ አንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊሜትር ዶፍ ቢወርድና የመኪናችሁ ጣሪያ ሁለት ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ጣሪያው የተቀበለው 40 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ትልልቅ ጀሪካን ነው። አብዛኛው በጎን ወርዶ ይሄዳል። ከሃያ እጅ አንዱ ብቻ በጎማው ቢሾልክ ግን ሁለት ሊትር ውኃ በአሸንዳው ላይ መንገድ ይፈልጋል። ቱቦው የትንሽ ጣት ውፍረት እንኳ የለውም። በጋውን ሙሉ የተከማቸው አቧራ የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ጭቃ ይሆናል፤ መኪናው ጽድ ወይም ጃካራንዳ ሥር የሚያድር ከሆነ ቅጠሉና አበባው ይጨመርበታል። ቱቦው ይደፈናል፣ አሸንዳው ይሞላል፣ ውኃውም በውስጥ በኩል በጣሪያው ጨርቅ ላይ ይገለበጣል።

ይህን የሚያሳብቅ አንድ ግልጽ ምልክት አለ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ስትነዱ፣ ፍሬን ስትይዙ ውኃው ከፊት በኩል ጠብ ካለ፣ ወይም ስትነሱ ከኋላ ወንበር በላይ ከፈሰሰ፣ አሸንዳው ውስጥ ውኃ ተኝቶ እየተንገዋለለ ነው። ያን ጊዜ ጎማውን መወንጀል ትታችሁ ቱቦዎቹን ተመልከቱ። መኪናው ቁልቁለት ላይ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ሲያድር ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬያችሁን ወደ ፊተኞቹ ሁለት ቱቦዎች አጥብቡት።

የጣሪያው ጨርቅ ደረቅ ሆኖ የእግር ምንጣፉ ብቻ ሲረጥብስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ ያለ ቦታው የሚወጣው። ጥፋታቸው በሰንሩፉ ላይ የሚላከክ ሌሎች ጥፋተኞች አሉ። ኤሲ ያለው መኪና ከዳሽቦርዱ ሥር የሚያጠራቅመውን ውኃ ወደ ውጭ የሚያወጣበት የራሱ ትንሽ ቱቦ አለው፤ እሱ ሲደፈን ውኃው የፊት ተሳፋሪው እግር ሥር ይፈሳል። መለየቱ ከባድ አይደለም፤ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ ኤሲ ተከፍቶ ሲነዳ ይመጣል። የረጠበው ነገር የሚጣፍጥ ሽታ ካለውና ጣት ላይ ቅባትነት ከተወ ዝናብም አይደለም፣ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ተቀዶ የሚያፈሰው ኩላንት ነው፤ ሞተሩን ሳያቃጥል ቶሎ ይታይ። በበሩ ልባስ ውስጥ ያለው የላስቲክ መጋረጃ ተላቆም ውኃ ወደ ውስጥ ይገባል። እኛ አገር ከሁሉም በላይ የምጠረጥረው ግን የፊት መስታወቱን ነው። በኮረኮንች መንገድ ድንጋይ እየተፈናጠረ ስንት መስታወት ይቀየራል! የድሮው ማጣበቂያ በደንብ ሳይፋቅ፣ ላሜራው ላይ የነበረው ዝገት ሳይነካ አዲሱ ይለጠፋል። ውኃው በላይኛው ማዕዘን ይገባና በጣሪያው ጨርቅ ውስጥ ተጉዞ ሰንሩፉ አጠገብ ይንጠባጠባል። ባለመኪናው "ሰንሩፌ" ይላል፤ አልፈርድበትም።

እንዴት ትለያላችሁ? ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ገዝታችሁ፣ ጣሪያውን ካደረቃችሁ በኋላ የሰንሩፉን ዙሪያ ክፍተት በሙሉ ሸፍኑ። ሰው ውስጥ ይቀመጥ። እናንተ በተራ የውኃ ጎማ፣ ግፊት ሳትጨምሩ፣ መጀመሪያ የፊት መስታወቱን፣ ቀጥሎ የአንቴናውን ሥር፣ ከዚያ ዕቃ መጫኛው ጣሪያው ላይ የታሰረባቸውን ቦታዎች አርጥቡ፤ እያንዳንዱ ላይ ደቂቃዎች ቆዩ። ሰንሩፉ ታሽጎም ውኃ ከገባ፣ ሰንሩፉ ነፃ ነው። የላቫጆ ከፍተኛ ግፊት ለዚህ ሙከራ አይሆንም፤ ደህናውንም ጎማ አልፎ ይገባና ያሳስታችኋል።

አሁን ወደ ቱቦዎቹ እንምጣ። ሰንሩፉን ከፍታችሁ በአንደኛው ማዕዘን ላይ፣ አሸንዳው ውስጥ፣ ግማሽ ኩባያ ውኃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ሌላ ሰው ከታች ይመልከት። በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ በዚያው ጎን መሬት ላይ ካልፈሰሰ ያ ቱቦ ታሟል። አራቱንም ፈትሹ፤ በሚፈሰው ተጽናንታችሁ ሌሎቹን አትለፉ። ለመጥረግ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ ለሣር ማጨጃ ማሽን የሚሸጠው ናይለን ክር ተስማሚ ነው። ጫፉን በክብሪት ትንሽ አቅልጣችሁ አድበልብሉት፤ አለበለዚያ ቱቦውን ይወጋል። ሳትገፉ፣ እያሽከረከራችሁ አስገቡ። ብዙ ጊዜ ጭቃው የሚቋጠረው ከታች፣ መውጫው ጫፍ ላይ ባለችው የላስቲክ አፍ ውስጥ ነው፤ እሷን በጣት ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ብቻ ውኃውን ይለቅቀዋል።

በኮምፕሬሰር መንፋትን አጥብቄ እቃወማለሁ። ጎሚስታው ጋ ሄዶ "በአየር ንፋልኝ" ማለት ፈጣን ይመስላል። ያረጀ ቱቦ ግን ደርቋል፣ አጥሯል፤ አየሩ ከላይ ከተሰካበት አፍ ይነቅለዋል። ያን ጊዜ ውኃው በሙሉ ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ቱቦውን መልሶ ለመሰካትም የጣሪያውን ጨርቅ ማውረድ ግድ ይሆናል። ይህ ከደረሰ ሥራውን ለባለሙያ ስጡ። ምክንያቱም የመጋረጃ ኤርባግ ባለው መኪና ላይ ኤርባጉ የሚያልፈው በዚያው በጣሪያው ጠርዝ ነው፤ ባትሪው ተነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ እጅ መግባት የለበትም።

ጎማው ራሱ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። ተሰንጥቆ ወይም ተጠፍጥፎ እንደሆነ ለማየት፣ ወረቀት ቆርጣችሁ መስታወቱን ዝጉበትና ሳቡት፤ በአንዳንድ ቦታ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ እዚያ ጋ ጎማው ሞቷል፣ ወይም መስታወቱ ከልክ ወርዷል። መስታወቱ በግራና በቀኝ ባሉ ብሎኖች ከፍ ዝቅ ይላል። የተለመደው ልክ ይህ ነው፦ የፊት ጠርዙ ከጣሪያው እኩል ወይም እስከ አንድ ሚሊሜትር ዝቅ፣ የኋላ ጠርዙ እኩል ወይም እስከ አንድ ሚሊሜትር ከፍ ያለ። አዲስ ጎማ ሶማሌ ተራ ስትፈልጉ የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ፤ በዓይን የተመሳሰለ ጎማ አይገጥምም።

ሲሊኮን ቀብቶ ማሸግስ? ፍርዴ አጭር ነው፤ አታድርጉት። ሲሊኮኑ በደንብ ሳይያያዝ ይላቀቃል፣ የአሸንዳውን ቀዳዳ ራሱ ይደፍናል፣ ርካሹ የኮምጣጤ ሽታ ያለው ዓይነት ደግሞ ቀለሙ የተላጠ ላሜራ ላይ ዝገትን ያፋጥናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ ግማሽ ቀኑን በመፋቅ ያጠፋል፤ ሒሳቡን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ፍሰቱ ቆመ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ከምንጣፉ ሥር ያለው ወፍራም ስፖንጅ ውኃ ይዞ ይቀራል፤ ላዩ ደረቀ ብላችሁ ከተዋችሁት ከሥር ወለሉ ይበሰብሳል። በአንዳንድ የጀርመን መኪኖች፣ ለምሳሌ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተሠራው ፓሳት፣ በሮችንና መስኮቶችን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን የተቀመጠው በሹፌሩ እግር ምንጣፍ ሥር ነው። መስኮቱ በራሱ ሲወርድ፣ ጥሩንባው በሌሊት ሲጮህ ሰው ኤሌክትሪሺያን ይጠራል፤ መነሻው ግን ጣሪያው ላይ የተደፈነ ቱቦ ነበር። ምንጣፉን አንስታችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ወንበር ከተነሳ ከሥሩ ያሉት ቢጫዎቹ የኤርባግ ሶኬቶች እንደተነቀሉ ሞተር አታስነሱ፣ የኤርባግ መብራት ይበራባችኋል።

በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ክረምት ያያል። በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጠነክር፣ አሸንዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ አራቱንም ቱቦ በኩባያ ውኃ ፈትኑ። ለጋራዥ ከሰጣችሁም፣ ከመክፈላችሁ በፊት አስከፍታችሁ አራቱም ማዕዘን ላይ ውኃ አስፈስሱና በየጎኑ መሬት ላይ ሲወርድ በዓይናችሁ እዩ። ካልወረደ አትክፈሉ።