ቺፕ ሳይኖር ፕሮግራምን ስለ መፈተን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



እኛ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ፥ «መሣሪያው ስለሌለን ሥራውን ለመማር አልቻልንም» እንላለን። ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት ልናገር የፈለግሁት፥ መሣሪያው ሳይኖር ሥራው እስከ የት ሊደርስ እንደሚችልና የት ላይ እንደሚቆም ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1975 ዓ.ም. በአሜሪካ አልቴር 8800 የሚባል ትንሽ ኮምፒዩተር ወጣ። ፖል አለንና ቢል ጌትስ ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለዚህ ኮምፒዩተር ለማዘጋጀት ሲነሡ አልቴር በእጃቸው አልነበረም። ስለዚህ አለን የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ትልቁ ኮምፒዩተር የአልቴርን ቺፕ፥ ማለት ኢንቴል 8080ን፥ መስሎ እንዲሠራ የሚያደርግ ፕሮግራም ጻፈ። ቤዚክም በዚያ ላይ ተፈተነ። ኋላ አለን ወደ አልቡከርኪ ከተማ ሄዶ እውነተኛውን አልቴር «2 ሲደመር 2 ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፥ 4 ብሎ መለሰለት።

ዛሬም በሊኑክስ ውስጥ አይ ቱ ሲ ስታብ የሚባል ትንሽ ድራይቨር አለ። ድራይቨር ማለት ኮምፒዩተር ከአንድ መሣሪያ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም ነው። ከዚህኛው ኋላ ግን ምንም መሣሪያ የለም። የቺፑን አድራሻ ስንሰጠው፥ ወደዚያ አድራሻ ለሚመጣው ጥያቄ በሜሞሪ ያስቀመጥንለትን ቁጥር ይመልሳል። ጠያቂው ድራይቨርም እውነተኛ ቺፕ ያገኘ ይመስለዋል።

ጥቅሙን በምሳሌ ላስረዳ። ብዙዎቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይጠበቃሉ፤ አንዳንዶቹም በረዶ ከሆኑ ይበላሻሉ። ኤል ኤም 75 የሚባለው ሙቀት ለኪ ቺፕ ከዜሮ በታች ያለውን ሙቀት የሚጽፈው በልዩ አኳኋን ስለ ሆነ፥ የ-1 ዲግሪ ጽሕፈት ለማያውቀው ሰው 255 ሆኖ ይነበባል። እንግዲህ ድራይቨሩን የጻፈው ሰው ይህን ቢዘነጋ፥ ማቀዝቀዣው -1 ሲደርስ ድራይቨሩ «255 ዲግሪ ሙቀት ነው» ይላል። ሞተሩም በዚህ ቃል የሚታዘዝ ከሆነ ይብስ ያቀዘቅዛል፤ የሕፃናቱ ክትባትም በረዶ ሆኖ ያድራል። ይህን ስሕተት ለማግኘት ክትባት ማበላሸት አያስፈልግም። የ-1ን ጽሕፈት በአስመሳዩ ውስጥ አስቀምጦ ድራይቨሩ የሚለውን ማየት ይበቃል።

ነገር ግን አስመሳዩ እንደ ገደል ማሚቶ የነገርነውን ብቻ ይመልሳል። ሽቦው ቢላላ አያውቅም። ቁጥሩም በራሱ ስለማይለወጥ፥ ለውጥን የሚጠባበቅ ድራይቨር ቆሞ ሊቀር ይችላል። ስለ ቺፑ የተሳሳተ አሳብ ይዘን ከሆነ አስመሳዩም ያንኑ ስሕተት ይዞ፥ «ደኅና ነው» ብሎ ያሳልፈናል። ስለዚህ ፕሮግራማችን እንዳሰብነው መሥራቱን አስመሳዩ ይነግረናል፤ ያሰብነው እውነት መሆኑን የሚነግረን ግን ቺፑ ራሱ ነው። አለንም ቤዚክ በእውነተኛው አልቴር ላይ መሥራቱን ያየው አልቡከርኪ ከደረሰ በኋላ ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፥ የሌለንን እየቈጠርን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ፤ በአስመሳዩም ፊት አለፍን ብለን አንታበይ። ባለን ጀምረን በእውነተኛው እንፈጽም።