ለሪፖርታችን የትኛው የእንግሊዝኛ ቃል ይሻላል?
(በማክሰኝት በማኅበራችን ስብሰባ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



መዝገባችንን በአማርኛ እንይዛለን፤ ለደጋፊዎች የምንልከው ሪፖርት ግን በእንግሊዝኛ ነው። ከቁጥሩ ይበልጥ የሚያከራክረን በክልላችን ያለውን ሁኔታ ምን ብለን እንጥራው የሚለው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ማኅተም ያረፈበት ቃልማ ጭራሽ አይመለስም።

«ክላሽ» ብንል የአንድ ቀን ግርግር ይመስላል። «አንረስት» ብንል ለወራት የተሰማውን ተኩስ እናሳንሳለን። በ2013 ዓ.ም. የትግራዩ ጦርነት ሲጀመር መንግሥት «ሕግ የማስከበር ዘመቻ» ብሎት ነበር፤ ሌሎች ደግሞ ጦርነት አሉት። ተዋጊዎች ለውጊያቸው ስም አያጡም። እኛ ከማንም ወገን ሳንሆን የምንጽፈው «አርምድ ኮንፍሊክት» ነው። በ1949 እ.ኤ.አ. የተፈረሙት የጄኔቫ ስምምነቶችም በዚሁ ቃል ይጠቀማሉ፤ ቃሉ ማን ትክክል እንደሆነ አይፈርድም።

ብዙ ቅጾች ላይ «ፖስት ኮንፍሊክት» የሚል እናገኛለን፤ ከግጭት በኋላ ማለት ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። በአማራ ክልል ግን ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ስለዚህ ለእኛ ትክክሉ «ኦንጎይንግ»፣ ያላበቃ የሚለው ነው። «ፖስት» ካልን በጀቱ ለመልሶ ግንባታ ብቻ ይሆንና የዕለት እህል የምትፈልግ እናት ከመስመሩ ትወጣለች።

ከሱዳን በመተማ በኩል ድንበር ተሻግረው የገቡት «ሪፊዩጂ» ናቸው። ከጎረቤት ወረዳ ሸሽታ እኛ ዘንድ የተጠጋች እህት ግን «አይዲፒ»፣ ተፈናቃይ ናት። የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤትም፣ የእርዳታው መንገድም ይለያያል።

አሁን ወደ ብድሩ እንምጣ። መንገድ ተዘግቶ ሽምብራዋን ገበያ ማውጣት ያልቻለች አባል «ዲፎልት» አደረገች አይባልም። መክፈል እምቢ ያለች ያስመስላታል፤ ነገ ብድር ስትጠይቅም ስሙ ይከተላታል። «ዲሌይድ»፣ የዘገየ ብለን ምክንያቱን እንጽፋለን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1793 የእርስ በርስ ጦርነትን ከአቅም በላይ ሊሆኑ ከሚችሉ ምክንያቶች ይቆጥረዋል። ሆኖም ጦርነት አለ ማለት ብቻ አይበቃም፤ በቁጥር 1792 መሠረት ግዴታን መፈጸም ፈጽሞ መከልከሉ መታየት አለበት። ስለዚህ ከትልቁ ቃል ይልቅ የሚያድነን ቀኑ ነው፤ የጎንደር መንገድ ከመቼ እስከ መቼ ተዘጋ፣ ስንት የገበያ ቀን ታለፈ የሚለው።

እህቶች፣ ስትነግሩን ቀኑን፣ ቦታውንና የቆመውን ሥራ ንገሩን። ማን እንደተኮሰ አንጠይቅም፤ የማንንም ስም ከሪፖርቱ አናስገባም። ወረቀት እጅ ይቀያይራል፤ የእናንተ ደኅንነት ይቀድማል።

ደጋፊዎቻችን ደግሞ፣ ቅጹን ስታዘጋጁ «ፖስት» የሚለውን አስቀድማችሁ አትሙሉልን። ሲያበቃ እኛው በደስታ እንጽፈዋለን።