ነጭ ድንጋይ ስለምን ይሰጣል?



በዚህ በዓል እንድንናገር በተፈቀደልን አጭር ጊዜ አንዲት ጠጠር ይዘን ቀርበናል። ቅዱስ ዮሐንስ በራእዩ ምዕራፍ 2 ቍጥር 17 በጴርጋሞን ለነበሩት ክርስቲያኖች የተላከውን መልእክት ሲጽፍ፥ ድል የሚነሣ ሰው ነጭ ድንጋይ እንደሚቀበል፥ በድንጋዩም ላይ ከተቀባዩ በቀር ማንም የማያውቀው አዲስ ስም እንደሚጻፍበት ይነግረናል። ወርቅ ወይም ዕንቍ መስጠት ሲቻል ድንጋይ ስለምን ተሰጠ?

ሊቃውንቶቻችን መጽሐፍ ሲተረጕሙ «አንድም» እያሉ ፍቺውን እንደሚያበዙት፥ ይህም ቃል ብዙ ፍቺ አግኝቷል። አንዳንዶች ከግብዣ ጋር ያያይዙታል፤ በሮማውያን ዘመን ወደ ትርዒት ወይም ወደ ግብር ለሚገባ ሰው ምልክት ያለበት ትንሽ መግቢያ ይሰጠው ነበርና። በዚያው ቍጥር ላይ የተሰወረው መና መነሣቱ ለእነዚህ ይረዳቸዋል። ሌሎች የደስታ ቀን ምልክት ነው ይላሉ። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደሚተርከው፥ የትራቄያ ሰዎች እንደ ቀኑ ሁኔታ ቀለሙ የተለያየ ጠጠር በዕቃ ውስጥ ያኖሩ ነበር፤ ነጩ ለመልካም ቀን ነው። ሰውዬው ሲሞት ጠጠሩ ተለይቶ ይቈጠርና ስለ ሕይወቱ ይፈረዳል። ፕሊኒ ራሱ ግን ይህን አላመነበትም፤ በነጭ ጠጠር የተመሰገነው ቀን የመከራ መነሻ ሆኖ ቢገኝስ ብሎ ይጠይቃል። መልካም ጥያቄ ነው።

እኛ የምንመርጠው ሦስተኛውን፥ የፍርድ ሸንጎውን ጠጠር ነው። በጥንት ዘመን ዳኞች ድምፃቸውን የሚሰጡት ጠጠር በመጣል ነበር፤ ባለቅኔው ኦቪድም ነጩ ተከሳሹን ነጻ እንደሚያወጣ፥ ጥቍሩ እንደሚያስፈርድበት ጽፏል። ዮሐንስ የጻፈው የግሪክ ቃል «ፕሴፎስ» ይባላል። ይህ ቃል በሐዲስ ኪዳን ውስጥ የሚገኘው በሁለት ስፍራ ብቻ ነው። አንዱ ይኸው ሲሆን፥ ሁለተኛው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 26 ቍጥር 10 ነው። እዚያም ጳውሎስ በንጉሥ አግሪጳ ፊት ቆሞ፥ ሳያምን በፊት ቅዱሳንን ወደ ወኅኒ ያስገባ እንደ ነበረና ሲገደሉም ጠጠሩን በእነርሱ ላይ ይጥል እንደ ነበር ይናገራል። ስለዚህ ምእመናንን ያስገደለው ጠጠርና ለምእመናን የተሰጠው ጠጠር በአንድ ቃል ተጠርተዋል ማለት ነው።

ጴርጋሞን ዛሬ በቱርክ አገር በርጋማ የምትባለው ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ29 ዓመት ለሮማና ለአውግስጦስ ቄሣር ቤተ መቅደስ እንዲሠራባት ተፈቅዶ ነበር። አራት ቍጥር ከፍ ብለን ብናነብ፥ አንቲጳስ የተባለ የታመነ ምስክር በዚያች ከተማ እንደ ተገደለ እናገኛለን። መልእክቱን የሰሙት ሰዎች ወዳጃቸውን የቀበሩ ናቸው፤ ከተማይቱ ምን እንደምትፈርድባቸው ዐውቀዋል። ለእነዚህ ሰዎች ዕንቍ ምን ይረባቸዋል? ያጡት ፍርድ ነው፤ ነጩ ጠጠር ሌላ ዳኛ እንደ ፈረደላቸው ይነግራቸዋል።

ስለ ስሙም ጥቂት እንጨምር። በቤተ ክርስቲያናችን ወንድ በ40፥ ሴት በ80 ቀን ስትጠመቅ የክርስትና ስም ይወጣል፤ በጸሎተ ፍትሐትም ሟቹ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ነገር ግን ይህን ስም ካህኑም የክርስትና አባትም ያውቁታል። የድንጋዩ ስም ግን ከእነርሱም የተሰወረ ነው።

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «ማንም የማያየው ሽልማት ምን ይጠቅማል?» ብለው ተከራክረውናል። እኛ ተማሪዎች ስማችን ከነደረጃችን በሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ለምደናልና፥ ክርክራቸው አያስደንቅም። የጴርጋሞን ሰዎች ግን በአደባባይ የሚሰጠውን ፍርድ አስቀድመው ቀምሰውታል። አንቲጳስን ሕዝብ ምን ብሎ እንደ ሰደበው የጻፈልን የለም፤ በጠጠሩ ላይ የሚጻፈውን ስም ደግሞ ተሳዳቢው አያውቀውም፥ ሊያጐድፈውም አይችልም።

ከዚህ በኋላ ስሙ ማን እንደ ሆነ የምትጠይቁን ብትኖሩ፥ ቍጥር 17ን መልሳችሁ እንድታነቡልን እንለምናለን።