አሥር ብር የሰጠሁበት አበባ

(በማኅበራችን የመስከረም ወር ስብሰባ ላይ በማኅበሩ የሒሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



እኔን የምታውቁኝ የገቢና የወጪ ሒሳብ ሳነብላችሁ ነው። ዛሬ ግን ይህችን ሥዕል ይዤ መጥቻለሁ። እስቲ እየተቀባበላችሁ እዩልኝ፤ የውሃ ቀለም ስለሆነች እርጥብ እጅ ብቻ አይንካት።

እንቁጣጣሽ ሲመጣ ሴቶቹ ልጆች አበባየሆሽ ይላሉ፣ ወንዶቹ አበባ ሥለው በየቤቱ ያድላሉ። እኔ ለዓመታት ብር ሰጥቼ ሥዕሉን ሳላየው መሳቢያ ውስጥ ስከት ኖሬያለሁ። ዘንድሮ መስከረም 1 ጠዋት እዚሁ ሰኞ ገበያ አንድ የጎረቤት ልጅ ይህችን አመጣልኝ። አሥር ብር ሰጥቼ ልሸኘው ስል፣ «እትዬ፣ አያዩትም እንዴ?» አለኝ። አፈርኩ። ቁጭ ብዬ አየሁት።

አደይ አበባ ናት፤ ክረምቱ ሲወጣ ሜዳውንና ተራራውን ቢጫ የምታለብሰው። ልጁ እንዳስረዳኝ፣ ቢጫው ሳይደርቅ አረንጓዴው ከነካው ይደባለቃል። ስለዚህ አበባዋን ቀብቶ ይጠብቃል፤ ቅጠሏን የሚሠራው ከደረቀ በኋላ ነው። ብርሃን ያረፈበት የሚመስለው ቦታ ነጭ ቀለም አይደለም፤ ሆን ብሎ ያልነካው ወረቀት ነው። የውሃ ቀለም ደግሞ እንደ እርሳስ በላጲስ አይጠፋም። እታች በስተግራ ያለችውን እምቡጥ አያችኋት? ውሃ በዝቶበት የፈሰሰ ቢጫ ነበር። ወረቀቱን አልጣለውም፤ ዙሪያውን አረንጓዴ ጨምሮ ያልፈነዳ አበባ አደረገው።

ለወረቀቱና ለቀለሙ ደረሰኝ ይኖራል። ለመጠበቁ፣ ለጥንቃቄውና የተበላሸውን ለማቃናቱ ግን ደረሰኝ የለም። እህቶቼ፣ የእኛም ሥራ እንዲሁ ነው። ለሰፌዱና ለጥልፉ ዋጋ ስታወጡ የስንደዶውንና የክሩን ብቻ ትነግሩኛላችሁ። ድካማችሁን ስጠይቅ «እሱማ ቤቴ ቁጭ ብዬ የሠራሁት ነው» ትላላችሁ። እኔም እንዳላችሁት መዝግቤያለሁ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው።

ስለዚህ ከዚህ ወር ጀምሮ በመዝገባችን ላይ «የሥራ ሰዓት» የሚል ዓምድ ከፍቻለሁ። ዋጋ ከመቁረጣችን በፊት እሱን እንሞላለን። ገዢ ይሸሻል ብላችሁ አትስጉ፤ አብሽሩ፣ እንዴት እንደተሠራ አብረን እናስረዳዋለን።

ሥዕሏን ቢሯችን ግድግዳ ላይ እሰቅላታለሁ። ለከርሞ ልጆች አበባ ሲያመጡላችሁም፣ ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት እዩላቸው።