የኬሚካል መግለጫ ወረቀት እስከ ጉድጓዱ አፍ ይድረስ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



«ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» እንደሚባለው፣ የዛሬውን ነገሬን ከሥሩ ልጀምር። የምናገረው ስለ አንድ ወረቀት ነው፤ የኬሚካል ደኅንነት መግለጫ ወረቀት ይባላል። ኬሚስትሪ የሚማሩት ጓደኞቻችን ያውቁታል። ሌሎቻችን ግን ስሙን ስንሰማ በመዝገብ ቤት የሚከማች አንድ ተጨማሪ ቅጽ ሊመስለን ይችላል። እኔ ዛሬ ለማስረዳት የምፈልገው ይህ ወረቀት የሰው ሕይወት ጉዳይ መሆኑን፣ በሸርቆሌም ወርቅ ለሚያጥቡት ወገኖቻችን ከማንም ይልቅ የሚያስፈልግ መሆኑን ነው።

ወረቀቱ አንድ ኬሚካል ከሠሪው ወደ ተጠቃሚው ሲሄድ አብሮት የሚጓዝ ምስክር ነው። ነገሩ ምን እንደሆነ፣ ምን ጉዳት እንደሚያደርስ፣ ሰውን ሲጎዳ ምን እርዳታ እንደሚሰጥ፣ ሲፈስ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ከምን ጋር እንደማይቀመጥ ይናገራል። ይሁን እንጂ ቀድሞ ይህ ምስክር በየአገሩ ቃሉን ይለውጥ ነበር። በአይጥ ላይ ተሞክሮ የመግደያ ልኩ በኪሎ 257 ሚሊግራም የሆነ አንድ ነገር በአሜሪካ ሚዛን «መርዛማ»፣ በአውሮፓ «ጎጂ»፣ በሕንድ ደግሞ «መርዝ ያልሆነ» ይባል ነበር። መርዙ አንድ ሲሆን ስሙ ሦስት ሆነ ማለት ነው።

ይህን ለማቃናት ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በ1982 ዓ.ም. ስለ ኬሚካሎች ቁጥር 170 የተባለውን ስምምነት አወጣ። አቅራቢው መግለጫውን እንዲሰጥ፣ አሠሪውም ለሠራተኛው እንዲያደርሰው አዘዘ። በ1984 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጃኔሮ በተደረገው ጉባኤ አንድ የጋራ ሥርዓት እንዲኖር ተወሰነ፤ የተባበሩት መንግሥታትም ሥርዓቱን በ1995 ዓ.ም. አወጣ። በዚህ ሥርዓት መግለጫው 16 ክፍሎች አሉት፤ ቅደም ተከተላቸውም በየትም አገር አንድ ነው። ሁለተኛው ክፍል ዘወትር አደጋውን፣ አራተኛው የመጀመሪያ እርዳታን፣ ስድስተኛው የፈሰሰውን አሰባሰብ ይናገራል። የዚህ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ነርሷ በሽተኛው እያቃሰተ ሃያ ገጽ አታገላብጥም፤ አራተኛውን ክፍል ብቻ ትገልጣለች።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። የቤላ ሻንጉል ወርቅ ዝናው የቆየ ነው። ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ወደዚያ ከዘመቱ በኋላ አገሩ ለዳግማዊ ምኒልክ የገበረው ወርቅ ነበር። የበርታ ሕዝብ ይህን ወርቅ በገበቴና በወራጅ ውሃ ሲያጥብ ትውልድ አልፏል፤ ውሃና ገበቴም ወረቀት አይሹም። ከድንበሩ ማዶ በሱዳን የወርቅ ማውጫዎች ግን ባዚቃ፣ በፈረንጅ ስሙ ሜርኩሪ፣ በብዛት ይሠራበታል። የሸርቆሌ ወረዳ ድንበርተኛ ነው። ነጋዴው ይሻገራል፤ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በሸርቆሌ ስም የሚጠራው ጣቢያ ስደተኞችን ተቀብሏል። ሰው በሚሻገርበት መንገድ የሥራ ዘዴም ይሻገራል፤ ከሥራው ዘዴ ጋርም ጠርሙሱ።

የዚህን ጠርሙስ ጉዞ እንመልከት። ባዚቃ በዓለም ገበያ የሚሸጠው 34 ኪሎ ተኩል ያህል በሚይዝ የብረት ዕቃ ነው። ሕጋዊ ሻጭ ከሆነ በዕቃው ላይ ምልክት ተለጥፏል፤ ወረቀቱም አብሮ አለ። ቸርቻሪው ግን ይህን በትንንሽ ጠርሙስ ቀድቶ ይሸጣል። በዚያች ሰዓት ባዚቃው ወደ ጉድጓዱ ሲሄድ ወረቀቱ ከብረቱ ዕቃ ጋር ይቀራል። አሥራ ስድስቱ ክፍሎች በሙሉ በመጋዘን ተቀምጠው፣ በእጁ የሚይዘው ሰው ግን አንዲት ቃል አልደረሰችውም።

ብትደርሰው ምን ትለው ነበር? በሁለተኛው ክፍል የባዚቃ ትነት ወደ ሳንባ ሲገባ እንደሚመርዝ፣ ነርቭንና ኩላሊትን እንደሚጎዳ፣ በማኅፀን ያለውንም ሕፃን እንደሚነካ ትነግረው ነበር። ብዙ ሰው የሚፈራው ባዚቃው እንዳይዋጥ ነው። ነገር ግን ፈሳሹ ባዚቃ በሆድ ዕቃ በኩል ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚገድለው የማይታየውና ሽታ የሌለው ትነቱ ነው። ስለዚህ ወርቁን ከባዚቃው ለመለየት በቤት ምድጃ ላይ የሚያቃጥል ሰው በዙሪያው ለተቀመጡት ልጆች ሁሉ መርዝ ያድላል። በስድስተኛው ክፍል የፈሰሰው ባዚቃ በመጥረጊያ እንዳይጠረግ፣ በጥቃቅኑ ተበትኖ ትነቱ እንደሚበዛ ታስጠነቅቀዋለች። በስምንተኛው ክፍል አፍንጫ ላይ የታሰረ ጨርቅ ትነቱን እንደማያግድ ትነግረዋለች። በአሥራ ሁለተኛው ክፍል ወንዝ የገባው ባዚቃ በደለሉ ውስጥ ወደ ባሰ መርዝ ተለውጦ በዓሣ ሥጋ እንደሚከማች ትገልጥለታለች። የአባይን ዓሣ የሚበላ ሰው ይህን ሊሰማ ይገባዋል።

ነገሩ በባዚቃ ብቻ አያበቃም። ሳያናይድም ለወርቅ ሥራ የሚያገለግል ነጭ ጨው መሳይ ነገር ነው። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ይህም በወረቀቱ አሥረኛ ክፍል ይጻፋል። ወርቅ የሚያነጥር ነጋዴ ደግሞ ናይትሪክ አሲድ ይይዛል። ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የአንድ ጠርሙስ መሰበር ምን እንደሚያመጣ ለናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኞቹን ስለ ሥራቸው አደጋ እንዲያስገነዝብ፣ መከላከያም እንዲሰጥ በአንቀጽ 92 ያዛል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ይህ ሕግ የሚደርሰው አሠሪ ላለው ሰው ነው። በራሱ ጉድጓድ ከወንድሙና ከሚስቱ ጋር የሚሠራው ወርቅ አጣቢ አሠሪ የለውም፤ ማን ያስገነዝበው?

ዕውቀት ተቆልፎበት ሲቀር ምን እንደሚሆን ዓለም በሚናማታ አይቶታል። በዚያች የጃፓን ከተማ የአንድ ፋብሪካ ባዚቃ ያለበት ዝቃጭ ወደ ባሕር ሲፈስ ዓሣ የበላው ሕዝብ መንቀጥቀጥና ሽባነት ያዘው። በሽታው በይፋ የታወቀው በ1948 ዓ.ም. ነው። የፋብሪካው ሐኪም በ1952 ዓ.ም. ዝቃጩን ለድመት አብልቶ ምክንያቱን አገኘ፤ ኩባንያው ግን ውጤቱን ሸሸገ። የጃፓን መንግሥት ምክንያቱን ያመነው በ1961 ዓ.ም. መስከረም ነው። በመካከሉ ዘጠኝ ዓመት አለፈ፤ ሕዝቡም ያንን ዓሣ ይበላ ነበር።

እኛም አገር ትምህርት አላጣንም። በየመጋዘኑ ለዓመታት የተከማቸው ጊዜው ያለፈበት የተባይ መድኃኒት ምልክቱ እየተላጠ፣ በርሜሉ እየዛገ ስሙ ጠፍቶ ነበር። ከ1992 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋው ለማቃጠል እስከ ፊንላንድ ድረስ ተጫነ። ምልክት በጊዜው መጠበቅ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንኛ ርካሽ ነው!

አንዳንድ ሰዎች «በድብቅ ለሚሸጥ ባዚቃ ወረቀት መጻፍ ሽያጩን መፍቀድ ነው» ይሉ ይሆናል። አይደለም። ወረቀቱ ፈቃድ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው። በ2006 ዓ.ም. የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት አገሮች እንዲያጠፏቸው ከዘረዘራቸው ሥራዎች መካከል ባዚቃና ወርቅን በግልጥ አየር ማቃጠልና በመኖሪያ ሰፈር ማቃጠል ይገኛሉ። ሰው ሊተወው የሚገባውን ነገር መጀመሪያ ሊያውቀው ይገባል። ሌሎች ደግሞ «ወረቀት ሳንባ አይሸፍንም» ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ከሁሉ የሚሻለው ባዚቃን መተው፣ ቢቀር ቢቀር ትነቱን መልሶ በሚያቀዘቅዝ ዝግ ዕቃ መሥራት ነው። ነገር ግን ትነቱ መርዝ መሆኑን ያልሰማ ሰው ዝግ ዕቃውን ለምን ብሎ ይገዛል?

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ አራት ነው። አንደኛ፣ ሙሉው የ16 ክፍል መግለጫ በጤና ጣቢያና በወረዳው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ ሐኪምና ሹም ይፈልጉታልና። ሁለተኛ፣ ከዚህ የተውጣጣ አንድ ገጽ፣ ቁጥሮቹን ሳይለውጥ፣ በአማርኛ ይዘጋጅ፤ በበርታ ቋንቋና በዐረብኛም ተነብቦ የሚነገር ይሁን፤ ማንበብ ለማይችለውም በዓለም ሁሉ አንድ የሆኑት የአደጋ ሥዕሎች ይታተሙበት። ሦስተኛ፣ ኬሚካል ከትልቅ ዕቃ ወደ ትንሽ ሲቀዳ ስሙና ሥዕሉ አብሮ ይቀዳ፤ ያለ ስም ጠርሙስ አይሸጥ። አራተኛ፣ ሥራው ከራሳችን ቤተ ሙከራ ይጀምር። መደርደሪያችን ላይ ስም የሌለው አንድ ጠርሙስ እንኳ እያለ ሸርቆሌ ሄደን የምንሰብከው ስብከት ማንን ያሳምናል?

ጓደኞቼ፤ ወረቀቱ ከእንግሊዝኛ ወጥቶ በአማርኛ ስለ ተጻፈ ብቻ ሥራው አልቋል አንበል። ሥራው የሚያልቀው ጠርሙሱን በእጇ የያዘችው ሴት ምድጃው አጠገብ ልጇን ከማስቀመጧ በፊት ሁለተኛውን ክፍል የሰማች ዕለት ነው። በሚመጣው ዕረፍት ወደዚያ አገር የሚሄዱ ተማሪዎች ስማቸውን ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግቡ፤ የኬሚስትሪ መምህራኖቻችንም አንዱን ገጽ እንዲያርሙልን በትሕትና እንለምናለን።