ስለ ቼሎ ሙዚቃና ስለ ሰሚው ልብ



በዚህ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንድ ንግግር እንድናደርግ በታዘዝን ጊዜ፥ ስለ ምን እንናገር እያልን ብዙ ተከራከርን። አንዳንዶቻችን ስለ ኤሌክትሪክ፥ አንዳንዶቻችንም ስለ ስፖርት ጥቅም ይሁን አልን። በመጨረሻ ግን ባለፈው ዓመት ያጠፋነው አንድ ጥፋት በልባችን ስለ ነበረ፥ ከእርሱ ብንነሣ ይሻላል ብለን ተስማማን። ጥፋቱም የተሠራው በዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው።

አንድ ቀን ማታ የሙዚቃ መምህራችን፥ ኤድዋርድ ኤልጋር የተባለው እንግሊዛዊ ለቼሎና ለኦርኬስትራ የደረሰውን ኮንቼርቶ በሸክላ አሰሙን። ሙዚቃው የሚጀምረው ቼሎው በሚያሰማቸው አራት ከባድ ድምፆች ነው። እነርሱ አልፈው ብዙም ሳይቈይ፥ ከመካከላችን አንዱ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ማልቀስ ጀመረ። እኛም ሣቅን። እንዲያውም አንዱ «ምን አለህ? ግጥሙን ለኛም ንገረን እንጂ!» ብሎ አላገጠበት። ከሳምንት በኋላ ግን፥ በክረምቱ አባቱ ሞተውበት፥ ወንዝ ሞልቶ መንገድ ስለ ተዘጋ ከቀብራቸው ሳይደርስ መቅረቱን ሰማን። ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ እርሱ ሄድን። ያን ጊዜ «ለመሆኑ ሙዚቃው ምን አለህ?» ብለን፥ አሁን ያለ ፌዝ ብንጠይቀው፥ «ምንም አላለኝም፤ አጠገቤ ተቀመጠ እንጂ» ሲል መለሰልን።

እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን ይህን መልስ ለመረዳት የደከምነው ድካም ነው።

መቼም ጥፋታችንን ለማቃለል ባይሆንም፥ ያደግንበትን የማዳመጥ ልማድ መናገር ይገባናል። በአገራችን ዘፈን ሲሰማ ጆሮ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ግጥሙ ነው። አዝማሪ በመጣ ጊዜ ሰው ሁሉ «ምን አለ?» ይላል፤ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት ይሽቀዳደማል፤ «ማሲንቆው እንዴት አለ?» የሚል ግን ጥቂት ነው። በዐቢይ ጾም የሚደረደረው በገና እንኳ፥ ምንም ድምፁ ብቻውን አንጀት የሚያላውስ ቢሆን፥ የንስሐና የምስጋና ቃል አብሮት አለ። ስለዚህ ያለ አንድ ቃል ግማሽ ሰዓት ያህል የሚጫወት ሙዚቃ ለብዙዎቻችን እንዳልተከፈተ ደብዳቤ ሆነብን።

ቼሎ ማለት ከቫዮሊን ወገን የሆነ፥ ነገር ግን በትልቅነቱ ምክንያት ተቀምጠው በጕልበት መካከል ይዘው የሚጫወቱት ባለ አራት አውታር መሣሪያ ነው። የተፈጠረው በ16ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ኢጣልያ ነው። (ዘመን ስንጠራ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን እንድታስታውሱልን እንለምናለን።) የአመታቱን ነገር ለማስተዋል የሚሻ ሰው ከክራር ይልቅ ማሲንቆን ያስብ። የክራር አውታር ከተነካ በኋላ ድምፁ ወዲያው መሞት ይጀምራል፤ ፒያኖም እንደዚሁ ነው። የቼሎ ደጋን ግን ሙጫ የተቀባ የፈረስ ጭራ ስለ ሆነ አውታሩን እየያዘ እየለቀቀ ያንቀጠቅጠዋል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ አንዱን ድምፅ ሊያስረዝመው፥ ከሹክሹክታ አንሥቶ ሊያሳድገው፥ መልሶም ሊያከስመው ይችላል። ይህም የሰው ትንፋሽ ሥራ ነው። ደግሞም ድምፁ ከወፍራሙ ከወንድ ድምፅ ተነሥቶ እስከ ሴት ድምፅ ድረስ ይወጣል። ሰው ሲሰማው አንድ ሰው አፉን ዘግቶ የሚያንጐራጕር ይመስለዋል። ከኛ አንዱማ፥ እናቱ ቡና እየቈሉ የሚያንጐራጕሩትን አስታወሰኝ ብሏል።

ነገር ግን ኀይሉ ሁሉ በመሣሪያው ነው እንዳንል የሚከለክለን ታሪክ አለ። ኤልጋር ይህን ኮንቼርቶ የጻፈው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ፥ በ1919 ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በለንደን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ኦርኬስትራው በቂ ልምምድ አላደረገም ነበርና ጨዋታው ተበላሸ፤ ሕዝቡም በቅዝቃዜ ተቀበለው። በዚያ ምሽት ከኦርኬስትራው የቼሎ ተጫዋቾች መካከል ጆን ባርቢሮሊ የሚባል ወጣት ነበረ። ይህም ሰው ኋላ ስመ ጥሩ መሪ ሆኖ፥ በ1965 ያንኑ የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ እየመራ፥ ዣክሊን ዱ ፕሬ ከተባለች የ20 ዓመት ልጅ ጋር ሙዚቃውን በሸክላ አስቀዳው። ያ ሸክላ በዓለም ታወቀ። ከዚያ በፊት አልፎ አልፎ ብቻ ይሰማ የነበረውን ሙዚቃ ብዙ ሕዝብ ወደደው።

ዱ ፕሬ በ28 ዓመቷ፥ በ1973፥ ነርቭን የሚያደክም በሽታ እንደ ያዛት ታወቀና መጫወት ተወች፤ በ1987 በ42 ዓመቷ ሞተች። ዛሬ ሸክላውን የሚሰሙ ብዙ ሰዎች «የገዛ መከራዋን እያለቀሰች ነው» ይላሉ። እኛም መጀመሪያ እንዲህ ብለን ነበር። ኋላ ግን ዓመቶቹን ስንቈጥር፥ በተቀዳበት ቀን በሽታው ከመታወቁ ስምንት ዓመት ይቀረው ነበር። እንግዲህ በሸክላው ውስጥ የምንሰማው ኀዘን የማን ነው? የኤልጋር ነው እንዳንል፥ ኤልጋርን አናውቀውም። ጓደኛችን ያለቀሰው ስለ እንግሊዝ ጦርነት አልነበረም፤ ስለ አባቱ ነበረ።

በ2011 በሞንትሪያል ከተማ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሊቃውንት፥ ሰው በሚወደው ሙዚቃ ሰውነቱ በሚነዝረው ጊዜ በአንጐሉ ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ቅመም እንደሚፈስስ አሳይተዋል። መልካም ነው። ነገር ግን ይህ ሰውነት እንዴት እንደሚነዝር ይነግረናል እንጂ፥ ለምን ስለ አባቱ እንዳለቀሰ አይነግረንም።

እኛ የደረስንበት ይህ ነው። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ሁሉ አጽናኝ ቃል አያውቅም። አንዳንዱ ገብቶ ከኀዘንተኛው አጠገብ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ኋላ ኀዘንተኛው የሚያስታውሰው ግን ብዙ ጊዜ እርሱን ነው። በመጽሐፈ ኢዮብም የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀመጡ። ያቈሰሉት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። ቼሎ እንዲህ ያለ ለቅሶ ደራሽ ነው፤ ምን ብለህ አልቅስ አይልም። በ1992 የሳራዬቮ ከተማ ተከባ ሳለች፥ ዳቦ ለመግዛት በተሰለፉ ሰዎች ላይ በወደቀ ጥይት ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። የዚያችው ከተማ የቼሎ ተጫዋች ቬድራን ስማይሎቪች የኮንሰርት ልብሱን ለብሶ፥ በዚያው መንገድ ላይ ወንበር አስቀምጦ ይጫወት ነበር። ከበባው እስከ 1996 ድረስ ስለ ቈየ አልጠቀመም የሚሉ ይኖራሉ። ለቅሶ ደራሽም ሙት አያስነሣም፤ ሆኖም ማንም አትሂድ አይለውም።

ከሁሉም ይልቅ እኛን የነካን የፓብሎ ካዛልስ ነገር ነው። ይህ ሰው በስፔን አገር በካታሎኒያ የተወለደ ነው። በ1890፥ የ13 ዓመት ልጅ ሳለ፥ በባርሴሎና ከአንድ የሙዚቃ ሱቅ ውስጥ ባኽ ለቼሎ ብቻ የጻፋቸውን ስድስቱን ስዊቶች አገኘ። ሌሎቹ እንደ መለማመጃ ይቈጥሯቸው የነበሩትን እርሱ በየቀኑ እያጠና፥ በሕዝብ ፊት ሳይጫወታቸው ከ10 ዓመት በላይ ቈየ። በ1939 የፍራንኮ ጦር ድል ባደረገ ጊዜ አገሩን ጥሎ፥ በድንበሩ አጠገብ ባለችው ፕራድ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ የጨዋታው መዝጊያ አንድ የካታላን የገና ዜማ ሆነ፤ ስሙም «የወፎች መዝሙር» ነው። ግጥሙ ወፎች በጌታ ልደት መደሰታቸውን ያወራል፤ ዜማው ግን የኀዘን ነው። ካዛልስ ግጥሙን ትቶ ዜማውን ብቻ በቼሎ ሲያሰማ፥ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ስደተኞች አገራቸውን ይሰሙበት ነበር። በጥቅምት ወር 1971፥ በ94 ዓመቱ፥ በኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት አዳራሽ ቆሞ፥ የአገሩ ወፎች በሰማይ ላይ ሰላም ሰላም እያሉ እንደሚዘምሩ ተናገረና ያንኑ ዜማ ተጫወተ። በ1973 ፍራንኮ ገና በሥልጣን ላይ ሳለ በስደት ሞተ። ዐፅሙ ወደ ትውልድ አገሩ የገባው በ1979 ነው።

አሁን ይህንኑ ዜማ ካዛልስ ሲጫወተው እናሰማችኋለን። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ነገሩን እንድናወራ የፈቀደልን ጓደኛችንም ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጦአል፤ ሸክላውን የሚያስነሣልንም እርሱ ነው።